የመምህሩ የብረት ጥርስና የሾላው ምንጭ

ዕድሜዬን የጨረስኩት የሰው አፍ ውስጥ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚያውቁኝ ሁሉ «ሲስተር ይርገዱ፣ ከሥራው ምን ይናፍቅሻል?» ይሉኛል። ምንም አይናፍቀኝም እላቸዋለሁ። እውነቴን ነው። የማይለቀኝ ነገር ግን አለ።

ባለፈው ዓመት አንዲት ወጣት የጥርስ ሐኪም አዲስ ክሊኒክ ከፍታ ጋበዘችኝ። መንጋጋ ውስጥ እንደ ቡሎን እየተጠመዘዘ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ አሳየችኝ። በዙሪያው ያለው ድድ ሲያመረቅዝ ሳይቀደድ እንዴት እንደሚታከም፣ በምን እንደሚፋቅ፣ በምን እንደሚታጠብ ደስ እያላት አስረዳችኝ።

«በእናንተ ዘመን ይኼ አልነበረም አይደል?» አለችኝ።

«አንድ ጊዜ አክሜያለሁ» አልኳት።

«የት?»

«ሞጣ። በደርግ ጊዜ።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔ ሳቁ አልመጣልኝም። ቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ የጀመርኩት በዚያው ቀን ነው።

ሥራ የጀመርኩት ቢቸና ነው። የድሬሰርነት ኮርስ እንደጨረስኩ በጥርስ ክፍል ረዳትነት ተመደብኩ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለቀለብ ይበቃኝ ስለነበር ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም። የክፍሉ ኃላፊ አቶ አበረ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ ጋሼ አበረ እላቸው ነበር። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ጋዋናቸውን በገዛ እጃቸው የሚያጥቡ ሰው ናቸው። የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከእሳቸው ነው። የአፍ መስተዋቷን ሙቅ ውሃ ውስጥ ሳይነክሩ አይጠቀሙም፤ ቀዝቃዛ ከሆነች በትንፋሽ ትደበዝዛለች። ከዚያ በመስተዋቷ እጀታ ጥርሱን ኳ ኳ አድርገው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ጤነኛው ደረቅ ድምፅ አለው፤ ሥሩ የበሰበሰው ደግሞ እርጥብ ግድግዳ የተመታ ይመስላል።

እነዚህን ቶሎ ለመድኳቸው። ያልለመድኩት ማሽተታቸውን ነው። ጋሼ በሽተኛውን አፍህን ክፈት ከማለታቸው በፊት ስሙን ያስጠሩታል። ሰውየው ስሙን ሲናገር ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንፋሹን ያሸታሉ። ፊታቸው በዚያች ቅጽበት የተኛ ሰው ፊት ይሆናል። ቀጥለው ካርዱ ላይ ከስሙ አጠገብ አንድ ቃል ይጽፋሉ። «መግል።» «ደም።» «ባዶ ሆድ።»

«ጋሼ፣ ሰው ይቀየማል እኮ» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ይቀየም። ጥርሱን በዓይንሽ ታይዋለሽ። ከውስጥ የሚመጣውን ግን በምን ልታይው ነው?»

እኔም በእሺታ ጻፍኩ፤ ሽታ ሁሉ ግን ለእኔ ሽታ ብቻ ነበር። የማሸተው እሳቸው ስለሚያሸቱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሞጣ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ፤ የጥርስ ክፍሉ በእኔ እጅ ሆነ። ክፍሉ በኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለ፣ አንድ መስኮት ያለው ጠባብ ቤት ነበር። መስኮቱ ቁልቁለቱን ያሳያል። ከቁልቁለቱ ግርጌ ትልቅ ሾላ አለ፤ ከሾላው ሥር ምንጭ። የሰፈሩ ሴቶች ውሃ የሚቀዱት ከዚያ ነው። በክረምት ጉሙ ከታች ተነሥቶ መጀመሪያ ምንጩን፣ ከዚያ ሾላውን፣ በመጨረሻ መስኮቴን ይሸፍናል።

መምህር ልንገረው የመጣው በአንድ እንዲህ ባለ የጉም ቀን ነው። ፊዚክስ ያስተምራል። ለትምህርት ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ ጥቂት ዓመታት ተቀምጧል። እዚያ እያለ ከሞተር ብስክሌት ወድቆ የታች የፊት ጥርሶቹ ረገፉ። አንድ ሐኪም አዲስ ነገር እየሞከረ ነበርና መንጋጋው ውስጥ ሁለት የብረት ቡሎኖች ተክሎ በላያቸው ላይ ሰው ሠራሽ ጥርሶች ገጠመለት።

አፉን ሲከፍት እጄ ቆመ። ብዙ የተበላሸ አፍ አይቻለሁ። በሕይወት ካለ ሥጋ ውስጥ ብረት በቅሎ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው። በዙሪያው ያለው ድድ አብጦ ቀልቷል፤ ጫን ስለው መግል ወጣ። እንደ ልማዴ በመስተዋቷ እጀታ ጥርሱን ኳ አደረግሁት። ጠርቶ ጮኸ። የቃጭል ድምፅ ነው የሚመስለው፤ እጄን ካነሣሁም በኋላ ትንሽ የቆየ መሰለኝ።

«ደነገጡ?» አለኝ እየሳቀ። «እኔ ሳወራ በአጥንቴ በኩል እሰማዋለሁ። ለምጄዋለሁ።»

«እንዴት ነው የሚታከም?»

«ሐኪሙ በብረት መፋቂያ እንዳይነካ ብሎኛል። ከተጫረ ቆሻሻው ጭረቱ ውስጥ ይሰፍራል።»

ያለኝ መፋቂያ ሁሉ ብረት ነው። ስለዚህ ገበያ ወርጄ ዋንጫ የሚሠራ ቀንድ ጠራቢ ፈለግሁ፤ የብረቱን መፋቂያ አሳይቼው በቀንድ አምሳያውን ጠረበልኝ። የድዱን ጥልቀት የምለካው ምልክት ባደረግሁበት የዶሮ ላባ አገዳ ነው። በጥርሶቹና በድዱ መካከል የሚገባ ነገር ስላጣሁ ያልተለኮሰ ቀጭን ጧፍ ተጠቀምኩ፤ ሰም የጠጣ የጥጥ ክር ነውና በጠባቡ ቦታ ይሾልካል። ከፋቅኩት በኋላ ጫፉ በደነዘዘ መርፌ የቀጠነ ፐርኦክሳይድ እየረጨሁ አጥባለሁ፤ አረፋው ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። በመጨረሻ የቴትራሳይክሊን እንክብል ከፍቼ ዱቄቱን በጥቂት ግሊሰሪን ለውሼ በድዱና በብረቱ መካከል እሞላለሁ። ቤቱ ደግሞ ፈልቶ በበረደ የጨው ውሃ እንዲጉመጠመጥ፣ በጧፉ ጠዋት ጠዋት እንዲያጸዳ አዘዝኩት።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሲመጣ ድዱ ሮዝ ሆኗል። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለብቻዬ፣ ያለ መጽሐፍ፣ ያለ አስተማሪ ያዳንኩት መሰለኝ።

በወሩ ተመልሶ መጣ። ድዱ ከበፊቱ የከፋ ሆኗል። ደግሜ ፋቅኩ፣ አጠብኩ፣ ሞላሁ። ትንሽ ቀለል ይለውና ይመለሳል። በሦስተኛው ጊዜ ጨርሶ ሥራዬን ያልሠራሁ ይመስል ነበር። ሰውየውም እየከሳ ነው። የሸሚዙ አንገት ሰፍቶት፣ ጉንጩ ገብቶ፣ የብረቱ ጥርስ ከፊቱ ቀድሞ የሚመጣ መሰለ።

ስሙን አስጠራሁት። «ልንገረው» ሲል ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። መግል አይደለም። የሚጣፍጥ፣ የቆየ፣ ከአረቄ የሚቀራረብ ነገር ነው። ካርዱ ላይ «አረቄ» ብዬ ጻፍኩ።

«መምህር፣ መጠጡን ካልተዉ ይኼ ድድ አይድንም።»

«አልጠጣም፣ ሲስተር።»

«ይሸታል እኮ።»

ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። «የምጠጣው ውሃ ብቻ ነው» አለ። «ውሃ ግን እጠጣለሁ። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ምንጩ ይታየኛል። ይጠራኛል ልበልዎት? በተማርኩት ሁሉ ባስበው አልገባኝም።»

ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው እንዲህ ሲል ካርዱን ዘግቼ አሰናበትኩት። ከወጣ በኋላ በመስኮቱ አየሁት። በጉሙ ውስጥ ወርዶ ከሾላው ሥር ተንበረከከ፤ እንደ ከብት ፊቱን ውሃው ውስጥ አድርጎ ጠጣ። ተነሥቶ ጥቂት ከሄደ በኋላ ቆመ፤ ተመለሰና እንደገና ተንበረከከ። ሊቀዱ የመጡ ሁለት ሴቶች እንስራቸውን ይዘው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

በማግሥቱ የጽዳት ሠራተኛዋ ክፍሌን አልጠርግም አለች። «ያ መምህር ከወጣ በኋላ ሽታው ይቀራል። የበሰለ ፍሬ ይሸታል። በዚህ ወር ፍሬ ከየት ይመጣል?» አለችኝ። መስኮቱን ከፍቼ ራሴ ጠረግሁት። እውነቷን ነው፣ ይሸታል።

ወሬው በከተማው ተሰራጨ። የሾላው ምንጭ ባለቤት አለው፤ ባዕድ ብረት በአፉ ይዞ ስለጠጣበት ተቆጥቷል፤ ውሃውን እያጠጣ ደሙን ይመጥጠዋል ተባለ። በቀበሌ ስብሰባ ላይ አጉል እምነት ይውደም የሚሉት ሰዎች ሳይቀሩ ቤተሰባቸውን ወደ ሩቁ ምንጭ መላክ ጀመሩ።

አንድ ቀን ሚስቱ አንጓች ብቻዋን መጣች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሳቂብኝ ብትፈልጊ።»

«ምን ሆነሽ?»

«አጥሩ ሥር ሽንቱን በሸና ቁጥር ጉንዳን ይሰለፋል። አመድ ነሰነስኩበት፤ ይመለሳል። ከዚያች ቦታ በቀር የትም የለም። ይኼ ምንድን ነው?»

ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴን ይሞቀኛል። የተማርኩ ነኝ፤ በጉንዳንና በዛር ወሬ ጊዜዬን የማጠፋ ሴት አይደለሁም ብዬ አሰብኩ። «እኔ የጥርስ ነኝ፣ አንጓች። እሱ የእኔ ሥራ አይደለም» አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ፣ አመስግናኝ ሄደች።

ቴትራሳይክሊኑ አለቀ። የመድኃኒት መጠየቂያ ቅጽ ሞልቼ፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ በጭነት መኪና ወደ ቢቸና ሄድኩ። ጋሼ አበረን ክፍላቸው ውስጥ መስተዋታቸውን ሲያሞቁ አገኘኋቸው። ስለ ብረቱ ጥርስ፣ ስለ ቀንዱና ስለ ጧፉ ስነግራቸው እንደ ልጅ ደስ አላቸው። «ታዲያ ለምን አልዳነም?» አሉኝ።

«ይጠጣል መሰለኝ።»

«አይተሽዋል ሲጠጣ?»

«ውሃ ሲጠጣ ነው ያየሁት። ግን ይሸታል።»

እጃቸው ቆመ። «ምን ይሸታል?»

«አረቄ።»

«አረቄ ነው ወይስ የሰነበተ ፍሬ?»

«የሰነበተ ፍሬ» አልኩ። ጥማቱ፣ ክሳቱ፣ የማይድነው ድድ፣ ጉንዳኑ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊቴ ቆመ። ጋሼም ገባቸው። «ስኳር ነው። ተነሺ፣ ሂጂ» አሉኝ። «ሽንቱን አስፈትሺና ያለ ምንም መቆየት ሆስፒታል ይግባ።»

በዚያው ቀን የተገኘው መኪና ላይ ወጣሁ። ደብረ ወርቅን አለፍን። ግንደወይን አካባቢ መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪናው እስከ አንገቱ ሰጠመ፤ ሁለት ቀን ዝናብ ስር ቆምን። በእግሬ ልሂድ ብዬ ብነሣ ወንዙ ሞልቷል። ከጭነቱ ላይ ተቀምጬ ጉሙን እያየሁ «አልጠጣም፣ ሲስተር» የሚለውን ድምፁን እሰማ ነበር።

ሞጣ እንደደረስኩ በቀጥታ ወደ ቤቱ ሮጥኩ። በሩ ሳይከፈት ሽታው ተቀበለኝ። መምህር ልንገረው አልጋ ላይ ነው። ዓይኖቹ በከፊል ተከፍተዋል፤ አያይም። ሩቅ አገር ሮጦ እንደመጣ ሰው በጥልቅና በፍጥነት ይተነፍሳል። አፉ ተከፍቶ ብረቶቹ ያበራሉ። ሌላው ሁሉ ደርቋል።

አንጓች አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች። «ከትናንት ጀምሮ እንዲህ ነው። ካህኑ መጥተው አጠመቁት» አለችኝ።

ከሽንቱ በብልቃጥ ይዤ ወደ ላቦራቶሪ ሄድኩ። ሠራተኛው ሰማያዊውን የስኳር መመርመሪያ ፈሳሽ በቱቦ ቀድቶ፣ ጥቂት ጠብታ ሽንት ጨምሮ በአልኮል መብራት ላይ ያዘው። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ፤ አረንጓዴው ቢጫ፤ ቢጫው ብርቱካን፤ በመጨረሻ የሸክላ ቀይ። ስኳሩ እጅግ ብዙ ነው ማለት ነው። ሊያድነው የሚችለው ኢንሱሊን በከተማው አልነበረም።

ግሉኮስ የሌለው ፈሳሽ በደም ሥሩ ሰጥተን፣ ሰው ለምነን በቃሬዛ አስወጣነው፤ መኪና የሚገኘው ዋናው መንገድ ላይ ነው። ስንወርድ ከሾላው አጠገብ ማለፍ ነበረብን። ተሸካሚዎቹ ቆሙ። «በዚህ አናልፍም» አሉ። ለመንኳቸው፣ ጮህኩባቸው፣ አንጓችም እግራቸው ላይ ወደቀች። ረዥሙን ዙሪያ ዞረው ሄዱ። እኔ የቃሬዛውን ጎን ይዤ እጓዛለሁ። ያ ፈጣን ትንፋሽ ከእርምጃዬ ጋር ይሄድ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ የእርምጃችን ድምፅ ብቻ ቀረ። የመኪናው መንገድ ጋ ገና አልደረስንም ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ዝም አልኩ። የጤና ጣቢያው ባልደረቦቼም «ማን ጠየቀሽ? ተይው» አሉኝ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ሕዝቡ መልስ አለው። ምንጩ ወሰደው። የቀረው ፍርሃት አንጓችና ልጆቿ ላይ ወደቀ። ጎረቤት እሳት አያስጭራትም። ወደ ሩቁ ምንጭ ስትሄድ ሴቶቹ እንስራዋን እየገፉ አስመለሷት፤ የሾላው ባለቤት ከእሷ ጋር ተከትሎ ይመጣል ብለው። በመስኮቴ አያት ነበር። ማንም በማይረግጠው ቁልቁለት ብቻዋን ወርዳ፣ ብቻዋን ቀድታ ትወጣለች።

አንድ ወር አለፍ ብሎ ጋሼ አበረ ለቁጥጥር ወደ ሞጣ መጡ። ክፍሌ ገብተው ከመቀመጣቸው በፊት የመምህሩን ካርድ አስወጡኝ። «አረቄ» የሚለውን በገዛ እጄ የተጻፈ ቃል ረዥም ጊዜ አዩት።

«ይቆጡኝ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«በምን አፌ?» አሉ። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ለምን እንደማሸት ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

«አልጠየቅሁም።»

«አንዲት ሴት ነበረች። ወጣት ሆኜ። ድዷን ሳክም ከረምኩ። ትንፋሿን ጠጅ ነው አልኩ። ሞተች። ባሏ መድኃኒት አብልቷታል ተብሎ አገር ለቆ ሄደ።»

«ታዲያ ለሰው ተናገሩ?»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልተናገርኩም። ሰውየው ወዴት እንደሄደ እስከ ዛሬ አላውቅም።» ተነሥተው በመስኮቱ ቁልቁል አዩ። አንጓች እንስራዋን አዝላ እየወጣች ነበር። «እሷ ናት?» አሉኝ። ነች አልኳቸው።

የመምህሩ ተዝካር ደረሰ። አንጓች ግቢ ዳስ ተጣለ። ካህናቱ መጡ፤ ከባልንጀሮቹ መምህራን የተወሰኑ መጡ፤ ከጎረቤት ጥቂት ሽማግሌዎችና ሴቶች ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ጸሎቱ አበቃና ጠላ ተቀዳ። አንድ ሽማግሌ ዋንጫቸውን አንሥተው አዩትና ጠየቁ።

«ልጄ፣ ጠላው በየትኛው ውሃ ነው የተጠመቀው?»

አንጓች እንስራውን እንደያዘች ቆመች። «በሾላው ውሃ ነው፣ አባቴ። ሌላ አላስቀዱኝም።»

ሽማግሌው ዋንጫቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። አጠገባቸው ያለውም አስቀመጠ። ከዚያ ሌላው። ከዳሱ ጫፍ እስከ ጫፍ ሙሉ ዋንጫ ተደረደረ፤ አንድም ሰው አልቀመሰም። ዝንቦች ብቻ ይበራሉ።

ተነሣሁ።

«መምህር ልንገረውን ምንጭ አልወሰደውም። የአፉ ብረትም አልገደለውም። የስኳር በሽታ ነው። ውሃ የሚያስጠማው እሱ ነው፤ ያ ሽታ ከእሱ ነው፤ ጉንዳኑም የሽንቱን ስኳር ፈልጎ ነው የመጣው። እኔ ከሁላችሁ በፊት ሽታውን አሽትቼ ሰካራም ነው ብዬ ጻፍኩ። አንጓች ስለ ጉንዳኑ ልትነግረኝ መጣች፤ መለስኳት። በጊዜው ባውቅ ኖሮ ሆስፒታል ይደርስ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ የውሃው አይደለም።»

ከካህናቱ አንዱ አዛውንት ቀና ብለው አዩኝ። «ይህን ያህል ቀን ለምን ዝም አልሽ?»

«ፈርቼ ነው፣ አባ።»

ያኔም ዋንጫውን ያነሣ የለም። አንጓች ግን እንስራውን አስቀመጠች። ከግድግዳው ቅል አወረደችና በሰዎቹ መካከል አልፋ ወጣች። ወደ እኔ አላየችም። ተከተልኳት። አንዳንድ ሴቶችም ወጥተው በአጥሩ በኩል ቆሙ።

ቁልቁለቱን ወረድን። ጉሙ ሳሩ ላይ ተኝቶ ነበር። መምህሩ ይንበረከክበት የነበረው ቦታ ሁለት ጎድጓዳ ሆኖ ቀርቷል፤ ውሃ ሞልቶበታል። አንጓች ቅሉን ነክራ ቀዳች፤ ሳታቋርጥ እስከ ታች ጠጣች። ደግማ ቀዳችና ለእኔ ዘረጋችው።

«ይቅር አላልኩሽም» አለችኝ። «ገና ነው። አሁን ግን ጠጪ።»

ጠጣሁ። ውሃው ጥርስ ይቆርጣል። ከቅዝቃዜው በቀር ምንም ጣዕም አልነበረውም። ቀና ስል፣ ወደ ሩቁ ምንጭ ትሄድ የነበረች አንዲት ሴት ከላይ መንገዱ ላይ ቆማ ታየን ነበር። ለረዥም ጊዜ አየችን። ከዚያ እንስራዋን ከጀርባዋ አውርዳ በእጇ ያዘችና ቁልቁለቱን ወደ እኛ መውረድ ጀመረች።